ቅዳሜና እሁድ በሶፍ ዑመር

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዐንከቡት ቁጥር 20 በምድር ላይ ተጉዘን የፍጥረትን አጀማመር እንድናስተውል አዞናል። ለዚህ ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ የባሌው ሶፍ ዑመር ዋሻ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ቅዳሜ ፈጅርን ሰግደን ከሮቤ ተነሣን። በጎሮ በኩል አልፈን፣ መንገደኞች ነንና ዙህርንና ዐስርን ሁለት ሁለት ረከዐ አጣምረን ሰገድን። ድንኳናችንን ከወይብ ወንዝ ራቅ አድርገን ከፍታ ላይ ተከልን፤ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ወንዙን በድንገት ሊሞላው ይችላልና። ማታ ሻይ እየጠጣን ባለቤቴ፣ «ዛሬስ ስለ አስቤዛ ሳናነሳ አመሸን» ብላ ሳቀች።

እሁድ ከአካባቢው ሰው መሪ ይዘን ገባን። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስሙን ያገኘው በዚያ ለዒባዳ ተገልለው እንደነበር ከሚነገርላቸው ሸኽ ነው። ግዙፎቹን ዓምዶች ግን የሰው እጅ አላነጻቸውም፤ በአላህ ፈቃድ ውኃ የኖራ ድንጋዩን በረጅም ዘመን እያሟሟ የቀረጻቸው ናቸው። ሱብሓነላህ!

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። ውድ ባለትዳሮች! የኡማው ኃላፊነት የነበረባቸው ነቢይ ለሚስታቸው ጊዜ ካገኙ፣ እኛ በምን እናመካኛለን?