ስለ ይፋት ቆላና በዚያ ስላለፈው የባሕር ማዶ ነጋዴ

ከደብረ ብርሃን ማልዶ የተነሣ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፤ ደብረ ሲናንም ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ በአንዲት ጧት ሁለት አገር ያያል። ከብርዱ የተነሣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ የነበረው ሰው ከቀትር በፊት ጋቢውን አጣጥፎ ጥላ ይፈልጋል። እኛም ባለፈው በጋ ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደዚያ በወረድን ጊዜ እንዲሁ ሆነብን።

ሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች የቆላ ከተማ ናት። ማሽላና ማሾ፤ ሽንኩርትና ማንጎ ይበቅልባታል፤ በአካባቢዋ ገበያም አማራው፤ አርጎባው፤ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛል። ነገር ግን ይህ የመኪና መንገድ ከመሠራቱ አስቀድሞ የይፋት ንግድ ሌላ በር ነበረው። ከታጁራ ወደብ የተነሣው ግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ በአንኮበር ተራራ ግርጌ ካለችው ከፋሬ ይደርሳል፤ በዚያም ጭነቱ ተራግፎ ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ በበቅሎና በአህያ ወደ አልዩ አምባና ወደ አንኮበር ይወጣል። ጨው፤ ጨርቅና መሣሪያ ይገባል፤ የዝሆን ጥርስ፤ ቡናና ዝባድ ይወጣል። በአብደል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ እንደ ነበረም መሸሸግ አይገባንም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. የመጣው በዚሁ በር ነው።

በዚህ በር ካለፉት የባሕር ማዶ ነጋዴዎች መካከል ዛሬ ዓለም ሁሉ ስሙን የሚያውቀው አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። በ1847 ዓ.ም. ተወልዶ፤ ገና በልጅነቱ ታላቅ ባለ ቅኔ ሆኖ፤ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያህል ሲሞላ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ተወ። በ1872 ዓ.ም. ዓደን ገብቶ ባርዴ በሚባል ነጋዴ ቤት የቡና ሥራ ተቀጠረ፤ በማግሥቱም ዓመት በግብጽ መንግሥት እጅ ወደ ነበረችው ሐረር የንግድ ወኪል ሆኖ ተላከ። ቡናና ቆዳ እየገዛ ወደ ዓደን ሲሰድ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ፤ በ1878 ዓ.ም. በሸዋ ብዙ ዘመን ከነገደው ከፒየር ላባቱ ጋር ለንጉሥ ምኒልክ የጦር መሣሪያ ለማምጣት ተዋዋለ።

ከዚህ በኋላ የመጣበት ሁሉ መከራ ነው። በታጁራ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። በዚያው ዓመት ቅኔዎቹ ፓሪስ ላይ ሲታተሙ እርሱ ከባሕሩ ዳር ሳጥን ይቈጥር ነበር። ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ አብሮ ይጓዝ ዘንድ የታሰበው ነጋዴ ሶሌዬም ዓደን ላይ ሞተ። ራምቦ ብቻውን በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥቶ ከአራት ወር ጉዞ በኋላ በጥር ወር መጨረሻ አንኮበር ገባ። ንጉሡ ግን በዚያ አልነበሩም፤ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበርና ወደ እንጦጦ ነበር የሚመለሱት።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው በአንኮበር የሆነው ነገር ነው። የላባቱ ባለ ዕዳዎችና ባለ ገንዘቦች በራምቦ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ የሟቹም ሚስት፤ የአገራችን ሴት፤ የባሏን ውርስ በዳኛ ፊት ጠየቀች። ራምቦ ራሱ በኋላ ለፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ እንደሚተርከው ክርክሩ አንድ ጊዜ ለእርሱ አንድ ጊዜ ለእርሷ ሲያደላ ከቆየ በኋላ ዳኛው የሟቹን ቤት እንዲይዝ ፈቀዱለት። እርሷ ግን ዕቃውን አስቀድማ አሽሽታ ነበር፤ ያገኘው አሮጌ የውስጥ ልብስና የጥይት መሥሪያ ነው፤ ያንንም ልብስ እያለቀሰች ነጠቀችው። እርጉዞች ባሮችንም አገኘ፤ እነርሱን ግን ትቷቸው ሄደ።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ላባቱ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈባቸውን 34 ደብተሮች ራምቦ ከሴትዮዋ ቤት አግኝቶ፤ እርሷ እየረገመችው በእሳት አቃጠላቸው። በመካከላቸው የርስት ሰነዶች እንደ ነበሩ የተነገረው በኋላ ነው። ሰውዬው ይህን ሲጽፍ እንደ ቀልድ አድርጎታል። እኛ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሰነድ ስናስርና ስንፈታ የኖርን ነንና ልንስቅለት አልቻልንም። ነጋዴው ተበድሏል፤ ይህን አንክድም። እሳቱን ያነደደው ግን በደሉ ሳይሆን እጁ ነው።

ንጉሡም መሣሪያውን በጅምላ በቅናሽ ወስደው፤ የላባቱን ዕዳ ቀንሰው፤ የቀረውን በሐረር ከራስ መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ራምቦ በይፋት በረሃ አልተመለሰም፤ በሌላ መንገድ ሐረር ወረደ። በኋላም እስከ 1883 ዓ.ም. በዚያ ነግዶ እግሩን ታመመ፤ በቃሬዛ ወደ ዘይላ አወረዱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቈርጦ፤ በኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የፋሬ በር ንግድ ጠፋ።

ይህን ታሪክ በሸዋ ሮቢት ላሳደሩን አንዲት ባልቴት ወይዘሮ በእራት ላይ አጫወትናቸው። ስለ ቅኔውም ስለ መሣሪያውም አልጠየቁንም።

«ሰነዱን እንግዲህ አቃጠለው?» አሉ።

«አዎን፤ እመቤቴ» አልናቸው።

ዝም ብለው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሣጥን ሲከፈት ሰማን። ሲመለሱ በጨርቅ የተጠቀለለ የመሬት ደብተራቸውን ይዘው ነበር፤ በፋኖሱ ብርሃን ገልጠው የእርሳቸውንና የሟች ባላቸውን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አሳዩን።