የካምቢዮው ሒሳብ



ስለ መኪናዋ ካምቢዮ እጽፋለሁ ያልኩትን ይኸው። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የገንዘቡን ዝርዝር ከነደረሰኙ ፎቶ ላዋጣችሁ ሁሉ በውስጥ መስመር ልኬያለሁ። እዚህ የምጽፈው ደረሰኝ ላይ የማይወጣውን ነው። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ጊዜው ነበርና። «አንድ ካምቢዮ ለመቀየር ሦስት ሳምንት?» ብላችኋል።

ለማታውቋት፣ መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፤ ሰባ አምስት የሚሏት ዓይነት፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ። ወረቀቷ በአንድ የቱርካና ነጋዴ ወዳጃችን ስም ነው። ቀን ቀን የእሱን ዕቃ ከሎድዋር ካኩማ ታመላልሳለች፣ ማታ ማታ የእኛ ናት። ማታ ማለቴ ምጥ የያዛት፣ ጊንጥ የነደፈው፣ ከዚያም ለቅሶ ሲሆን አስከሬን። አምቡላንስ አለ፣ ግን ለስንቱ ይድረስ? ቦዳ ቦዳው ሞልቷል፣ ቃሬዛ ግን በሞተር ሳይክል አይጫንም። ዝናብ ጥሎ ታራች ሲሞላማ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

መኪናዋ ከቆመች በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እህታችንን ሌሊት ምጥ ያዛት። ስምንት ጎረምሶች አልጋዋን ተሸክመው፣ በስልክ መብራት መንገድ እያዩ አደረሷት። እሷም ሕፃኑም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በማግስቱ ግን ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ጮኸ። አንዷ አክስቴ ከአሜሪካ «ልጄ፣ ከአሮጌ ብረት ጋር ምን አጣበቃችሁ? ለቁራሌ ሽጡትና ተገላገሉ» አለችኝ። የሪያዱ ወንድማችን ደግሞ የሚሸጥ ካምቢዮ ፎቶ ልኮ «ይኸው፣ ዛሬውኑ ይገዛ፣ ብሩን እኔ እችላለሁ» አለ። ሁለታችሁም ከፍቅር ነው የተናገራችሁት። ያልተቻኮልንበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ።

መካኒካችንን የካኩማ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው። አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው፤ እዚህ ጋራዡ አንድ የግራር ዛፍ ናት። መኪናዋ መጮኽ ስትጀምር ጋሼ መፍቻ አላነሳም። መጀመሪያ ፎሌ ላይ አቁሞ አዳመጠ። ፍሪሲዮን ሲረግጥ ድምፁ ጠፋ፣ ሲለቅ ተመለሰ። ከዚያ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ነዳት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ላይ ታለቅሳለች። አራተኛ ላይ ስትገባ ዝም አለች። አምስተኛ ላይ እንደገና ጀመረች፣ ጥቂት ሄዳም ማርሹን ተፋችው።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያን ዝምታ ስሰማ ደስ አለኝ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። አራተኛ ማርሽ ላይ ከሞተር የሚገባው ዘንግና ወደ ጎማ የሚወጣው ዘንግ በቀጥታ ይቆላለፋሉ፤ አንድ ዙር ይገባል፣ አንድ ዙር ይወጣል። በሌሎቹ ማርሾች ግን ኃይሉ ከታች ባለው ሁለተኛ ዘንግ በኩል ዞሮ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አራተኛ ላይ ዝም ብላ በሌላው ሁሉ የምታለቅስ ካምቢዮ ሕመሟ ያ የታችኛው ዘንግና ኩሽኔታዎቹ ላይ ነው። ጋሼ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ በጆሮው ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ የዘይቱን ቡሎን ፈታ። የወጣው ዘይት ትንሽ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ወርቅ የተበተነበት ይመስላል። ያ ወርቅ የነሐስ ቀለበቶቹ ብናኝ ነው፤ ማርሽ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚያደርጉት ቀለበቶች። ከቡሎኑ ማግኔት ላይ የተለጠፈ ግራጫ ጭቃ ቢሆን ኖሮ ግድ የለም፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። የተገኘው ግን እንደ ጥፍር ቁራጭ ያለ የብረት ስባሪ ነው። እዚያ ላይ ክርክሩ አለቀ፤ ካምቢዮው ሞቷል። ኩሽኔታ ብቻ እንቀይር ያሉም ነበሩ፣ ነገር ግን ጥርሱም ዘንጉም ተበልቷል። መለዋወጫውን አንድ በአንድ ከመልቀም ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ማግኘት ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሪያዱ ወንድሜ፣ ይህን በተለይ አንተ አንብበው።

ዘይቱ የት ሄደ? ከመኪናዋ ሥር አንድ ጠብታ መሬት ላይ አይታይም። ሾፌሩ በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ደረቅ ነው። ጋሼ ዝም ብሎ ከካምቢዮው ኋላ የተገጠመውን ትራንስፈር፣ ማለትም ለፊትና ለኋላ ጎማ ኃይል የሚያካፍለውን ሳጥን፣ የዘይት መሙያ ቡሎን ፈታ። ዘይቱ ተንፎለፎለ። ሞልቶ ተርፎ ነበር።

በሁለቱ ሳጥኖች መካከል፣ ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ አንድ የጎማ ቀለበት አለ፤ መካኒኮቹ ፓራኦሊዮ ይሉታል። እሱ ሲያረጅ የካምቢዮው ዘይት ቀስ እያለ ወደ ትራንስፈሩ ይፈስሳል። ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር የለም። መሬቱ ንጹሕ ነው፣ ሾፌሩ ይተማመናል፣ ካምቢዮው ግን እየደረቀ ነው። ይህ በነዚህ አሮጌ ላንድክሩዘሮች የታወቀ በሽታ ነው። ያን ዕለት የላክህልን ካምቢዮ ተገዝቶ በዚያው አሮጌ ቀለበት ላይ ቢገጠም ኖሮ፣ ዘይቱ በዚያው መንገድ ሄዶ እሱም በተራው ይሞት ነበር። የቀለበቱ ዋጋ ከካምቢዮው ጋር ሲነጻጸር የምሳ ገንዘብ ነው፤ ጋሼ ግን እሱ በእጁ ሳይገባ አንድ ቡሎን አላጠብቅም አለ። እኔም ከእሱ ጎን ቆምኩ፣ አሁንም እቆማለሁ።

ግዢው ሌላ ታሪክ ነው። መለዋወጫው ያለው ናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድ ነው። ጋሼ ስደተኛ ነው፤ ከካምፕ ለመውጣት ፓስ ያስፈልገዋል፣ ፓስ ደግሞ «ካምቢዮ ላይ» ብሎ ለጻፈ ሰው ቶሎ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ኢስሊ የሚኖር አንድ ልጃችን ስልኩን ይዞ ሄደ፣ ጋሼም ከግራሩ ሥር ሆኖ በቪዲዮ ገበየ። እንዲህ ያለ ግብይት አይቼ አላውቅም። «የፊተኛውን ዘንግ ያዝ። ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። አይ፣ ስልኩን አስጠጋ። አሁን አንደኛ አስገባና በእጅህ አዙረው። ዘይቱን በጣትህ ንካ፣ አሽትተው። የተቃጠለ ይሸታል?» ልጁ ምስኪን እስከ ክርኑ ጥቁር ሆነ።

የመጀመሪያው ካምቢዮ በአዲስ ቀለም ያብረቀርቅ ነበር። ጋሼ ቀለሙን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ዘንጉ ሲነቀነቅ ደግሞ እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ። ሻጩ ተቆጣ፣ ስልኩን አዙር አለ። ሁለተኛው ጤነኛ ነበር፣ ግን ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው የፊት ቤቱ የሌላ ሞተር ነው፤ የቡሎኖቹ ቀዳዳ አይገጥምም። የሪያዱ ፎቶም፣ አትቀየመኝና፣ እንደዚሁ ነበር። ሦስተኛው በአቧራና በዘይት ጭቃ የተሸፈነ፣ ማንም ያልነካው ነው። ጋሼ እሱን ወደደው። ለዚህ አራት ቀን ሄደ። ከዚያ በጭነት መኪና ኪታሌ፣ ከኪታሌ ሎድዋር፣ ከሎድዋር ካኩማ። ከኪታሌ ወዲህ ያለውን መንገድ ለምታውቁ ማብራራት አያስፈልግም። ማጓጓዣውን የከፈለው የቱርካናው ወዳጃችን ነው፤ ይህንም ማወቅ አለባችሁ።

«ፍሪሲዮኑ ሳይበላሽ ለምን ተቀየረ?» ያላችሁም አላችሁ። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። ካምቢዮው ወርዷል። ሸራው ደግሞ ቀጭኗል። ከስድስት ወር በኋላ ለእሱ ሲባል ይህን ሁሉ እንደገና ከማውረድ አሁን መቀየር ይረክሳል። የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታና የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮም እንዲሁ።

የመግጠሙ ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። አንድ ኤርትራዊ ወንድማችን፣ አንድ ኮንጎአዊ፣ ሁለት የእኔ ተማሪዎች ነበሩ። ኤርትራዊውና ጋሼ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቡሎን፣ ዳዶ እየተባባሉ ያለ አስተርጓሚ ሲሠሩ ኮንጎአዊው «እናንተ አንድ ቋንቋ ነው የምትናገሩት?» አለ። ጣሊያን ለሁለታችንም ትቶልን የሄደው ቋንቋ ነው ብዬ መለስኩለት። ከእኛ አገር ጋራዥ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቋንቋ።

የወረደው ካምቢዮ ከነትራንስፈሩ አራት ጎልማሳ ያስቃትታል። ከመውረዱ በፊት ሞተሩ እንዳያዘነብል ከሥሩ ክሪክና እንጨት ይደረጋል። ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች እንደነበሩ እንዲመለሱ መገጣጠሚያቸው ላይ በመሮ ምልክት ይደረጋል። አዲሱ ሲገባ ዘንጉ የፍሪሲዮኑን ሸራ ጥርስ ሳያገኝ አንድ ጣት ያህል ቀርቶት እምቢ አለ። ወጣቶቹ ቡሎኑን አጥብቀን እንሳበው አሉ። ጋሼ ጮኸ። በቡሎን ከተሳበ የፊት ቤቱ ይሰነጠቃል ወይም ሸራው ይጣመማል። ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ዘንግ በእጁ ቀስ ብሎ አዞረ፣ እኛ ገፋን፣ «ጠብ» ብሎ ገባ። የሙቀቱን ነገር ተዉት፤ ብረቱን በጨርቅ ነበር የምንይዘው።

አሮጌውን ካምቢዮ ቁራሌ ሊወስደው ሲል ለምኜ ለትምህርት ቤት አስቀረሁት። በኬንያ የፊዚክስ ትምህርት ማሽኖች የሚባል ምዕራፍ አለ፤ እስካሁን ጥርስ ያላቸውን ክቦች በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነበር የማስተምረው። አሁን ተማሪዎቼ በእጃቸው ያዞሩታል። አንደኛ ማርሽ ላይ የፊቱን ዘንግ ወደ አምስት ዙር ሲያዞሩት የኋላው አንድ ጊዜ ይዞራል። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ዙሩን ቆጥራ «መምህር፣ ፍጥነቱን ሰጥታ ጉልበቱን ወሰደች ማለት ነው» አለችኝ። ፈተና ላይ እንደዚህ ብትጽፍ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ።

መኪናዋ ከሐሙስ ጀምሮ ሥራ ላይ ናት። የመጀመሪያው ሳምንት ዘይት ይፈስሳል፣ ብናኙ ይታያል፣ ከዚያ አዲስ ይሞላል። ከእንግዲህ ሾፌሩ በየወሩ የሁለቱንም ሳጥኖች የጎን ቡሎን ፈትቶ ጣቱን ያስገባል፤ ዘይቱ የቀዳዳውን የታች ጠርዝ መንካት አለበት። አንዱ ጎድሎ ሌላው ከተረፈ ለጋሼ ይደውላል። የተረፈው ገንዘብ ለዘይቱና ለጋሼ የእጅ ዋጋ ነው። እሱ አልቀበልም ብሏል፤ ሽማግሌዎች እየለመኑት ነው። አክስቴ፣ አንቺ ብትደውዪለት ይሰማሻል፣ ቁጥሩን ልኬልሻለሁ።

ጋሼ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ስለ ፊት ዲፍረንሻሉ ድምፅ ማውራት ጀምሯል። እሱን ዛሬ አላነሳውም።