የለፋ ቆዳ

በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በሰቆጣ ዙሪያ፣ ቆዳ ከከብቱ ሞት በኋላ ሌላ ዕድሜ ይጀምራል። የፍየሉ ስልቻ ወይም ብራና ይሆናል፤ የበጉ አጎዛ፤ የበሬው ደግሞ ጠፍርና ከበሮ። «ለፋ» የሚለው ቃላችንም ሁለት ፍቺ ይዞ ይኖራል፤ ቆዳ ሲለፋ ይለሰልሳል፣ ሰው ሲለፋ ይደክማል። ሰሙና ወርቁ የሚገናኙት ግን ብዙ ሰው በማይጠረጥረው ስፍራ፣ በሰው ልብ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁ፣ ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሉት። በደጋው፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በልጅነት የሚነሣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ እነዚህኑ በሮች ሊያጠቃ ይችላል። በሮቹም ይጠብባሉ፤ አለዚያም መዘጋት ያቅታቸዋል። ጉዳቱ ሲከፋ በሩ ይለወጣል። ተለዋጩም ከካርቦንና ከብረት የተሠራ፣ ወይም ከአሳማ የልብ በር፣ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን የተሰናዳ ነው።

ከእንስሳ የተገኘው በር እንደ ቆዳ ይለፋል ቢባል ማጋነን አይደለም። ፈረንሳዊው የልብ ቀዶ ሐኪም አላን ካርፓንቲዬ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ባስተዋወቀው ዘዴ መሠረት፣ በቆዳ ፋብሪካም በሚታወቀው ግሉታራልዴሃይድ ይነከራል። ፈሳሹ ኮላጅን የተባሉትን ክሮች ያስተሳስራል፤ መበስበስን ይከለክላል፤ ሰውነትም ባዕድነቱን ቶሎ እንዳይለይ ያደርጋል።

ታዲያ ስለ ምን ያረጃል? ብራና መቶ ዓመታትን የሚሻገረው በማኅደሩ አርፎ ስለሚቀመጥ ነው። ከበሮ ግን ይመታልና ቆዳው ይሳሳል፤ ይቀደዳል። የልብ በር ደግሞ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በዓልና የሥራ ቀን፣ ቀንና ሌሊት አይለይም። ክንፎቹ በሚታጠፉበት ላይ ክሮቹ ይበጠሳሉ። ሕያው በር ጉዳቱን ራሱ ይጠግናል፤ የለፋው ግን ሙት ነውና የሚጠግነው የለም። በሞቱት ሕዋሳት ቅሪት ላይ ከደም የሚመጣ ካልሲየም ይጋገራል፤ ለስላሳው ክንፍ እንደ ኖራ ደርቆ ይሰነጠቃል። በአረጋዊ ልብ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚያገለግለው በር፣ አጥንቱ ገና በሚገነባ ልጅ ዘንድ ፈጥኖ ይደነድናል።

ጭንቁም እዚህ ላይ ነው፤ ይህ በሽታ የሚይዘው ልጁንና ወጣቱን ነውና። የብረቱ በር ለረጅም ዘመን ይጸናል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥን፣ ደምንም በየጊዜው ማስመርመርን ይጠይቃል። ከተከዜ ሸለቆ በላይ፣ ከሐኪም ርቃ ለምትኖር ልጃገረድ ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም። መድኃኒቱ ጽንስንም ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም እናት ለመሆን ስትል የእንስሳውን በር የምትመርጥ ወጣት፣ ሁለተኛውን ቀዶ ጥገናም አብራ መምረጧ ነው። ለልጇ ስትል የራሷን ደረት ለሌላ ቢላዋ ታውሳለች።

በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማእከል ሥራ መጀመሩ ተስፋን ወደ አገር ቤት አቅርቧል። ይሁን እንጂ ከሰቆጣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ፔኒሲሊን ግን በቅርብ ጤና ጣቢያ ሊገኝ የሚችል መድኃኒት ነው፤ የጉሮሮው ሕመም በጊዜው ቢታከምበት የልቡ በር ከጉዳት ይድናል።

ብራና ፋቂ ቆዳ ሲመርጥ ጠባሳ የሌለበትን የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠባሳ ከተፋቀ በኋላም ብቅ ይላልና። የልጅ ልብም እንዲሁ ነው።