ስሙ የጠፋበት መታሰቢያ

ሰው የሚወደው ነገር ሲያልፍበት ከዚያ የቀረችውን ትንሽ ቁራጭ እንኳ እንደ ወርቅ ይጠብቃል። ስለዚህ የእግር ኳስ ወዳጆች አሮጌ ትኬት፥ የደጋፊዎች ማኅበር መታወቂያና ያለቀ ማሊያ ሲሰበስቡ የሚያይ ሰው ከመሳቁ በፊት ምክንያቱን ቢመረምር መልካም ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደ ጊዜ በሜዳው ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የዚያን ቀን ደስታ ለልጅ ልጅ የሚመሰክረው እንግዲህ በሣጥን ግርጌ የቀረ ወረቀት ነው።

በአርባ ምንጭም አንድ ሰው «አዞዎቹ» የሚባለውን የከተማውን ቡድን ደጋፊዎች መታሰቢያ ለብዙ ዓመት ሲሰበስብ ኖረ። ትኬቱንና መታወቂያውን በካርቶን አድርጎ ከአልጋው ሥር አኖረ፤ የአንገት ልብሱንና ማሊያውን ግን ቦታ ቢጠበው በግድግዳ ምስማር ላይ ሰቀለ። የየባለቤቱን ስም የጻፈው በካርቶን ባለው ወረቀት እንጂ በልብሱ ላይ አልነበረም።

የጋሞ ሰው ምስጥን ያውቃል። በዶርዜ ከቀርከሃ የሚሠራው ረጅም ቤት ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ እያለ ይሄዳል። ይህ ሰው ግን የአገሩን እውቀት ዘንግቶ ካርቶኑን ከመሬት ላይ አስቀመጠ፤ ከዝናቡ ወራት በኋላ ቢከፍተው ያገኘው አፈር ብቻ ነበር።

ልብሶቹ ተረፉ፤ የማን እንደ ሆኑ የሚናገረው ግን ጠፋ። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነው በዱንጉዛ ቀለም፥ በቀይ፥ በቢጫና በጥቁር፥ በእጅ የተሸመነ አንድ የአንገት ልብስ ነው። ባለቤቱ በወጣትነቱ ሞቶ ጓደኞቹ ከቀብሩ በኋላ የሰጡት ነበር። ሰውየው ልብሱን ይዞ ከሲቀላ እስከ ሼቻ ሲጠይቅ ሰነበተ፤ በመጨረሻም ወደ አንዲት አሮጊት ቤት መሩት።

እናትየዋም ልብሱን ባዩ ጊዜ ዝም ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። ቈይተውም «አባቱ የሸመነለት ነው» አሉ።

ሰውየው አፍሮ «እማማ፥ ልመልስልዎ መጣሁ፤ በደንብ አልጠበቅሁትም» አላቸው።

እሳቸው ግን «ልጄ፥ በእኔ ቤት ቢቀመጥ ከእኔ በኋላ የሚያውቀው የለም። ከጓደኞቹ ልብስ ጋር ይሰቀል፤ ስሙን ግን እዚያው ላይ ስፋልኝ» ብለው መለሱለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየልብሱ ጫፍ ስም፥ ስፍራና ዓመት የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋል፤ ባለቤቱ ያልታወቀውንም በጨዋታ ቀን ይዞ እየወጣ ይጠይቃል። የሚሰበስብ ሁሉ ይህን ያስተውል፤ ዕቃን ከምስጥ ማዳን የሥራው እኩሌታ ነው። ስሙ የጠፋበት መታሰቢያ፥ ምንም ቢያምር፥ ጨርቅ ብቻ ነውና።