ልጆችን ይዞ ወደ ዓረብ አገር ለዕረፍት ስለ መሄድ

በእኛ በጉራጌ አገር «ዓረብ አገር» የሚለው ቃል በሁለት ዐይነት ይሰማል። ለባለጠጋው የንግድና የሽርሽር ስፍራ ነው፤ ለብዙው ቤተ ሰብ ግን እኅት ወይም ልጅ ሄዳ የቀረችበት፤ በየወሩ ገንዘብ የሚመጣበት፤ በየሌሊቱም የስልክ ድምፅ የሚጠበቅበት አገር ነው። እኔ የወልቂጤ ነዋሪና የሦስት ልጆች አባት ስሆን ቤተ ሰቤን ይዤ ወደዚያው አገር ለዕረፍት ለመሄድ ባሰብሁ ጊዜ እነዚህ ሁለት ትርጓሜዎች በአንድ ቤት ውስጥ ተጋጩብኝ። የገጠመኝንም ነገር ልጆች ላሏቸው አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ታናሽ እኅቴ ከቡታጅራ ተነሥታ ወደ ዱባይ የሄደችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 19 ዓመት ነበር፤ ዐሥረኛ ክፍልንም በመልካም ውጤት ጨርሳ ነበር። በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለቤት ሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ከለከለ፤ በዚያው ዓመትም ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መለሰች። ክልከላው እስከ 2010 ዓ.ም. ጸና። በነዚያ ዓመታት የዓረብ አገር ወሬ በሬዲዮ በተነገረ ቍጥር እናታችን ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር። እኅቴ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት በደኅና ኖረች። በላከችው ገንዘብ የእናታችን ቤት ጣራ ተለወጠ፤ እኔም የማታ ትምህርቴን ጨረስሁ። ወደ አገሯ የመጣችው ግን አንድ ጊዜ ብቻ በ2010 ዓ.ም. ስለ ሆነ ልጆቼ አክስታቸውን የሚያውቋት በስልክ ድምፅና በሻንጣ በተላከ ልብስ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ማታ በስልክ ስንነጋገር፤ «ወንድም ጋሼ፤ እኔ ስመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ሻንጣዬን ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ እናንተ ኑና እኔ ልቀበላችሁ» አለችኝ። ይህ ቃል ልቤን ነካው። ከዚያ ቀን ጀምሬ ከደመወዜና ባለቤቴ ከምታገኘው የሱቅ ትርፍ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጥን ዐሥራ ሁለት ቀን በትልቅ ሆቴል የሚቈይ ጕዞ አሰናዳን። ሕንጻውን፤ ገበያውን፤ የሕፃናት መጫወቻውን ሁሉ በወረቀት ላይ ደረደርሁ። አንድም የዕረፍት ሰዓት አልነበረበትም።

ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የኤምሬቶች ድርሃም ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ስለ ሆነ እርሱም አብሮ ወጣ። ያጠራቀምነው ገንዘብ ሳይነካ በሣጥን ውስጥ እንዳለ እኩሌታው እንደ ጠፋ ቈጠርነው። ባለቤቴም ወረቀቱን ተቀብላ በእርሳስ ሰረዘችና ስድስት ቀን፤ ወጥ ቤት ያለው ትንሽ የኪራይ ቤት፤ በቀን አንድ ነገር ብቻ ብላ ጻፈች። ያን ጊዜ አዘንሁ፤ ዛሬ ግን የጕዞው መልካምነት ከዚያ ስረዛ እንደ መጣ አውቃለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። የበኵር ልጄ የ14 ዓመት ልጅ ናት። ከክፍል ጓደኞቿ መካከል ትምህርቱን ትተው ፓስፖርት የሚጠባበቁ ነበሩ። እርሷም አንድ ቀን እራት ላይ፤ «እኔም ስጨርስ እንደ እቴቴ እሄዳለሁ» ብላ ነበር። እንግዲህ በራሴ ገንዘብ ወስጄ የዚያን ከተማ መብራትና ፎቅ ባሳያት፤ ትምህርቷን ከምታስተው አንዱ እኔ አልሆንምን? ብዬ ሌሊት ሌሊት አስብ ነበር። ጕዞውን ልተወውም ወሰንሁ።

ይህን ሐሳቤን ለእናቴ ለመንገር ቡታጅራ ሄድሁ። እርሳቸው ግን ቡናቸውን እየቀዱ፤ «ልጄ፤ የሕንጻውን ሥዕል በየስልኩ አይታዋለች። ያላየችው አክስቷን ነው። አክስቷን አሳያት» አሉኝ። አብረውን ይሄዱ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፤ «እኔ ለአይሮፕላን አልሆንም፤ እናንተ ሂዱና ልጄን አምጡልኝ» ብለው ቡናና በሶ በከረጢት ቋጥረው ሰጡኝ። እኔም ከዚያ በኋላ አላመነታሁም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜውን መምረጥ ይገባዋል። የእኛ ልጆች ረጅሙ ዕረፍታቸው ክረምት ነው፤ በዱባይ ግን በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሕፃን ይዞ ቀን ለቀን ወደ ውጭ መውጣት አይቻልም። ከክረምት ሌላ ጊዜ የሌለው ሰው በዖማን አገር ያለችውን ሰላላን ቢያስብ መልካም ነው፤ እርሷ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ በካፊያና በጭጋግ ተሸፍና ትለመልማለች። የዕጣን አገር ስለ ሆነችም ልጆች በቤታቸው የሚሸቱትን መዓዛ በዚያ ያገኙታል። እኛ ግን እኅታችን ካለችበት ሌላ የምንሄድበት ስላልነበረን በጥር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. የመንፈቀ ዓመቱን የትምህርት ዕረፍት መረጥን። በዚያ ወቅት አየሩ ለስላሳ ነው፤ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም ገና አልገቡም ነበር።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ቪዛውም ከመነሣት በፊት ማለቅ አለበት። መድኀኒት የሚወስድ ሕፃን ካለ የሐኪሙን ማዘዣ አብሮ መያዝ ያሻል፤ በኤምሬቶች በመድኀኒት ረገድ ጥብቅ ናቸውና። ከወልቂጤ እስከ አዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በበረራው ቀን ማለዳ ከመነሣት ይልቅ አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ከዘመድ ቤት ማደር ለልጆች ይበጃል። በረራው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ የዚያም አገር ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

ሦስተኛውና ዋናው የእኅቴ የዕረፍት ቀን ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 የወጣው የኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ ለሠራተኛዪቱ በሳምንት አንድ ቀን፤ በዓመት ደግሞ 30 ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት ይሰጣል፤ ፓስፖርቷንም አሠሪው እንዳይዝባት ይከለክላል። እኅቴም አሠሪዎቿን አስፈቅዳ በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን አገኘች። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ዙሪያ አሰናዳነው። ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የዘመዱን የዕረፍት ቀን ሳይጠይቅ ቲኬት ቢቈርጥ የሕንጻ እንግዳ ሆኖ ይመለሳል።

የተከራየነው ቤት ዴራ በሚባለው በአሮጌው ሰፈር ነበር። በዚያ ሰፈር የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ስላሉ ልጆቹ እንጀራ አላጡም፤ ቍርሳቸውም የአያታቸው በሶ ነበር። ጧት እንወጣለን፤ ቀትር ሲሆን ገብተን እንተኛለን፤ ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ደግሞ እንወጣለን። አንድ ቀን ከተማዪቱን ለሁለት የሚከፍለውን የባሕር ወሽመጥ አብራ በሚሉት የእንጨት ጀልባ ተሻገርን፤ ዋጋው ለአንድ ሰው አንድ ድርሃም ነው። ልጆቹም ከሁሉ ይልቅ የወደዱት ይህን ስለ ሆነ አራት ጊዜ ተመላለስን። ሌላ ቀን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ሥራ በጀመረው ነጂ በሌለው ባቡር ሄድን። የዐሥር ዓመቱ ልጄ ከፊተኛው መስኮት ተለጥፎ ነጂው የት እንደ ተደበቀ ሲፈልግ ዋለ። በባቡሩ ውስጥ መብላትና መጠጣት ቅጣት እንዳለው አውቀን ነበርና ታናሺቱ ብስኵቷን በእጇ ጨብጣ እስክንወርድ ታገሠች። 828 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ ኸሊፋንም ከታች ሆነን አየነው፤ ለመውጫ የሚከፈለውን ገንዘብ ለእኅቴ ቀን አስቀመጥነው።

በአምስተኛው ቀን ጧት እኅቴ መጣች። ታናሺቱ ልጄ ከዚያ በፊት በዐይኗ አይታት አታውቅም፤ ነገር ግን ድምፅዋን በሰማች ጊዜ ሮጣ ዐቀፈቻት። ቡና ከተፈላ በኋላ ሁላችንም ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። እኅቴ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷንም ጥቂት ሰብሰብ አድርጋ ውሃው ውስጥ ቆመች፤ ለረጅም ጊዜም ምንም አልተናገረችም።

የበኵር ልጄ፤ «እቴቴ፤ ሁልጊዜ ወደዚህ ትመጫለሽ?» አለቻት።

«የለም ልጄ። በመኪና ሳልፍ አየዋለሁ። እግሬን ያገባሁበት ግን ዛሬ ገና ነው።»

«ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«በዕረፍቴ ቀን እተኛለሁ። ልብሴን አጥባለሁ፤ ለእናቴ እደውላለሁ። ከዚያ ይመሻል።»

ልጄ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፤ «ጐበዝ ተማሪ ነበርሽ አሉ፤ ለምን አልቀጠልሽም?» ብላ ጠየቀቻት። እኅቴ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም ዐይኔን ወደ አሸዋው መለስሁ።

«ያን ዓመት አባታችን ማረፋቸው ነበር፤ በቤቱም የነበረው ገንዘብ ለአንድ ተማሪ እንጂ ለሁለት አይበቃም። አባትሽ ጀምሮት ነበርና እርሱ ይጨርስ አልሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም። ቀጥላም፤ «በመምጣቴ አልጸጸትም፤ አሠሪዎቼም ክፉ አይደሉም። አንቺ ግን የምትመጪ እንደ ሆነ እንዲህ በእንግድነት ነይ፤ አለዚያም ሙያሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር እኔ አላውቀውም ነበር ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ዐውቀው ነበር፤ ነገር ግን በቤታችን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም፤ ለልጆቼም አልነገርኋቸውም። አባት ስለ ሆንሁ ትምህርት የራሴ ትጋት ፍሬ ብቻ እንደ ሆነ አድርጌ ስመክራቸው ኖሬአለሁ። በዚያ ቀን ማታ ልጆቹ በተኙ ጊዜ እኅቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም፤ «ወንድም ጋሼ፤ ይቅርታውን ተወውና ልጅቱን አስጨርስልኝ» አለችኝ። ከዚህ የሚበልጥ ቃል ኪዳን በሕይወቴ አልገባሁም።

ከመጣን በኋላ ልጄ ስለ ፎቁም ስለ ገበያውም ብዙ አላወራችም። ፓስፖርት ከሚጠባበቁት ጓደኞቿ አንዲቱ ስለ ዱባይ ስትጠይቃት ግን፤ «አክስቴ ባሕሩን ለማየት ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀባት» ብላ ስትመልስ በመስኮት ሰምቻታለሁ። ልጅቱ ምን እንደ ወሰነች አላወቅሁም፤ ዳሩ ግን ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ምክር እኔ ልሰጣት አልችልም ነበር።

እንደሚታወቀው የእኛ አገር ሰው የትም ቢሰደድ ክርስቲያኑ ለመስቀል፤ እስላሙ ለዓረፋ ወደ ቤቱ ይገባል። እኅቴም የዓመት ዕረፍቷን ይዛ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለመስቀል ቡታጅራ ገባች። እናታችን ያን ቀን ከመቀመጫቸው የተነሡት በሬዲዮ ወሬ አልነበረም። ሻንጣዋንም የከፈተ ሰው የለም፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ከበሩ ኋላ እንደ ቆመ ቀረ።

የበኵር ልጄም እናቷ በእርሳስ ሰርዛ እንዳሰናዳችው ያለ ወረቀት ለአክስቷ አዘጋጅታ ግድግዳው ላይ ለጥፋ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከእናቷ ዘንድ መተኛት፤ በሁለተኛው ቀን ሐረ ሸይጣን ሐይቅን ከላይ ሆኖ ማየት፤ በሦስተኛው ቀን የመስቀል በዓል፤ በአራተኛው ቀን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የጥያን ትክል ድንጋዮች መጐብኘት ይላል። በየቀኑም ቀትር ላይ «እንቅልፍ» የሚል ቃል አለበት። ከሁሉ በታች ደግሞ በትልልቅ ፊደል፤ «እቴቴ በዚህ ሳምንት ልብስ አታጥብም» ተብሎ ተጽፏል።