«ይተዉት» ያልኳቸው እናት

ለንስሐ አባቴ ተናዝዤዋለሁ፤ ቀኖናዬንም ተቀብያለሁ። የበደልኩት ግን ሰው ነውና በአደባባይም መናገር አለብኝ።

የጉንደ ወይን ሰው ነኝ፤ እዚያው ሳስተምር ኖሬያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብርን ማስረጃ በሚያሰባስብበት ዘመን አንዲት ጎረቤታችን እማሆይ ቤቴ መጡ። ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ሲማር በ1970 ተይዞ ታስሮ ነበር። ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ ከርመው አንድ ቀን «እዚህ የለም» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሬሳም ወረቀትም አላዩም። ከእኔ የፈለጉት የልጃቸውን ስም፣ የተያዘበትን ወር፣ አብረውት የታሰሩትን ሰዎች ስም እንድጽፍላቸው ብቻ ነበር። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም።

አልጻፍኩላቸውም። «ይተዉት እማሆይ» አልኳቸው፤ «ዋናው ሰውዬ ዚምባብዌ ተቀምጧል። ፍርድ ቤት ልጅዎን አያስነሣልዎትም። ተዝካሩን አውጥተውለታል፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ይስጡት።» ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲህ አንተ ካልክ፣ ልጄ» አሉና ሄዱ።

ግማሹ ፍርሃት ነበር። በዚያ ዘመን ሲያሳስሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ አሁንም ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ለቅሶ ቤት አብረን እንቀመጣለን። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ግን ከፍርሃቴ የተሻለ መልክ ነበረው። ባገሬ ደም ሲመላለስ አይቻለሁ፤ አባት የጀመረውን ልጅ ሲጨርሰው አይቻለሁ። ቅጣት በሕግ ስም የሚፈጸም በቀል ነው፣ አገርን የሚያድናት መርሳት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ይህን ሳስብ ያገሬን እርቅ እንኳ በቅጡ አላስተዋልኩም ነበር። ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ መጀመሪያ የገዳይ ወገን ይመጣል፤ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳው ይቆረጣል። ገዳዩ ሳይታወቅ የሚጀመር እርቅ የለም። እኔ እማሆይን ያልኳቸው ማን እንደሆነ እንኳ ካልተነገራቸው ሰው ጋር ይታረቁ ነው።

ስሕተቴ የገባኝ በታኅሣሥ 2010 ነው። ሔግ ከተማ የተቀመጠው የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት፣ በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረውን እሸቱ ዓለሙን በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ሰውዬው የዚያ አገር ዜግነት ወስዶ ይኖር ነበር። ክሱን ክዷል። ፍርድ ቤቱ ግን በነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን፣ 75 እስረኞች እንዲገደሉ ማዘዙን አረጋገጠ። ከ300 በላይ ሰዎች ያለ አግባብ ታስረው መሰቃየታቸውንም አረጋገጠ። ይግባኙም በሰኔ 2014 አላዋጣውም።

ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ተቆጣሁ። የጎጃም ደም አርባ ዓመት ቆይቶ በባዕድ ቋንቋ የሚዳኘው ለምንድን ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት የለም ወይ? ያገራችንስ ፍርድ ምን ሆነ? መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 2000 ሞት ቢፈረድበትም ዚምባብዌ ሆኖ የነካው የለም፤ እዚህ የነበሩት ሹማምንት የሞት ፍርድም በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ታዲያ ይኼ ቅጣት ለማን ነው? አልኩ።

መልሱን ያገኘሁት ከምስክሮቹ ነው። ከዚያ እስር የተረፉ ሰዎች ሸምግለው ችሎት ፊት ቆሙ፤ የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ዳኛ ሰማቸው፤ መዝገብ ላይ ሰፈረ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆኤል ፋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፈው ቅጣት ጥፋተኛውን ማሳመም ብቻ አይደለም፤ ማኅበረሰብ ድርጊቱን የሚያወግዝበት ድምፅም ነው። እኔ እስራቱንና ገመዱን ብቻ አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም። ለተገደለ ልጅ እናት «ልጅሽ ወንጀለኛ አልነበረም፤ የተበደለው እሱ ነው» የሚል ፍርድ ከየትም ይምጣ ከየት የእሷ ነው። በደሉ የሰው ልጅ ሁሉ በደል ከሆነ፣ የደብረ ማርቆስን ደም የሔግ ዳኛ ቢዳኘው ያገሬ ክብር አይነካም። ክብሬን የነካው እኔ ብዕር ይዤ አለመጻፌ ነው።

እማሆይ ያን ፍርድ ሳይሰሙ ዐረፉ። ልጃቸው ከ75ቱ አንዱ ይሁን አይሁን የሚነግረኝን ወረቀት ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አብረውት የታሰሩትን ስም በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ አብሯቸው ተቀበረ። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ዘመዶቻቸው ይህን ካነበቡ ግን እግራቸው ላይ ወድቄ እጠይቃለሁ።

በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፍጻሜው ምንም ይሁን ምን፣ በጉንደ ወይን፣ በቢቸና፣ በሞጣ ያላችሁ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች ሆይ፣ የጠፋ ልጇን ስም ይዛ የምትመጣ እናት ብትገጥማችሁ አትምከሯት። ወረቀት አውጡና ስሙን፣ ወሩን፣ የታሰረበትን ቤት፣ አብሮት የነበረውን ሰው ጻፉላት።