ቡሬት

ደብረ ወርቅ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ እኛ መምህራን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ተማሪውን ረገምን። እኔም አብሬ ረግሜያለሁ፤ አልክድም።

ያነቃኝ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪዬ ነው። ለእረፍት መጥቶ፣ "ቲቸር፣ ቡሬት የትኛው እንደሆነ ያወቅኩት ጓደኛዬ ሲያነሳው አይቼ ነው" አለኝ። ታይትሬሽንን ሰሌዳ ላይ ስዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስሌቱን ጥንቅቅ አድርጎ ይሠራው ነበር።

አፍሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ላብ ለሚያሠራ የድሮ ጓደኛዬ ደወልኩ።

"እኛ'ኮ እናንተ ጋ ነክተውት የሚመጡ ይመስለን ነበር።"

እኔ ደግሞ እነሱ ያስነኳቸዋል ብዬ!

አሁን የመጀመሪያ ዓመት የላብ መመሪያቸውን ይልክልኛል። የእንግሊዝኛ መምህራችን ጥያቄዎቼን አይታ፣ "ልጆቹ የሚወድቁት ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው" አለችኝ። ተናደድኩ። ልክ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ክፍል አብረን እንገባለን፤ እሷ ቃሉን፣ እኔ ነገሩን። ቡሬት ስለሌለን በሲሪንጅ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ፣ የአመድ ውኃ፣ ቀለም እንዲያሳየን የተቀቀለ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ። ልጆቹ ጠብታውን በእንግሊዝኛ ይቆጥራሉ።

ባለፈው ሳምንት ቀለሙ ድንገት ሲለወጥ ከኋላ ወንበር አንዷ፣ "ቆይ፣ አላየሁትም! እንደገና!" አለች። ሎሚው አልቆ ነበር። ሮጣ ከቤቷ አመጣች።